ሦስተኛውን ጥሪ ለነፈጉን ክቡር ኃላፊ

ለክቡር ዶክተር ኡምቤርቶ ላንቼሮስ
የቻርካሌሃ ፓራሞ ጥብቅ ሥፍራ ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ ጥሪ ስለመለመን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ክብርት ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ፣ ጉልበትዎ እንዳይዝል፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ በተለይም ጆሮዎ እንዲበረታ ዘወትር የምጸልይ መሆኔን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ። እኔ ኤርመንሲያ ሲያቾኬ እባላለሁ፤ ከፓራሞው፣ ከዚያ ዛፍ ከማይበቅልበት ብርዳም ከፍታ፣ ግርጌ ያለችው የቻርካሌሃ መንደር ምክር ቤት ጸሐፊ ስሆን፣ ላለፉት ዘጠኝ ዓመታት ከቢሮዎ የሚወጣውን ማስታወቂያ ሁሉ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሜ ለሕዝቡ ሳነብ የኖርኩት ነኝ። በግል ብጽፍልዎ ደብዳቤዬ ከቀደሙት ደብዳቤዎቼ ጋር በአንድ መሳቢያ ውስጥ እንዳይጨናነቅ ስለሰጋሁ፣ ይህን በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ።

የምጽፍልዎ ስለ አባቴ ስለ ዶን አንሴልሞ ሲያቾኬ ነው። ቢሮዎ «በሌላ በር ወጥተዋል» ብሎ መዝገባቸውን ከዘጋ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ፓራሞው ሌላ በር እንዳለው እኛ ተወላጆቹ አናውቅም ነበርና ስለ ነገሩን እናመሰግናለን። ቅሬታዬን እርስዎ እንደሚወዱት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ግዢው። ማንኛውም ቤተሰብ የእጅ ሬዲዮ ሳይዝ ከዛፉ ወሰን በላይ ወዳለው ብርዳም ሜዳ እንዳይወጣ ማዘዝዎ ለሕይወታችን ያለዎትን አሳቢነት ያሳያል፤ ሬዲዮ ፍለጋም እንዳንንከራተት ከመግቢያው አጠገብ ባለው፣ እንደ አጋጣሚ የአማችዎ በሆነው ሱቅ ብቻ እንዲሸጥ ማድረግዎ አሳቢነትዎ ለቤተሰብም የሚተርፍ መሆኑን ያስረዳል። በሳጥኑ ላይ ጥርሳቸው የነጣ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው በባሕር ዳርቻ ቆመው ይስቃሉ፤ ከሥራቸውም «እስከ ሃምሳ ኪሎ ሜትር» የሚል ተጽፏል። አማችዎን «እንዲህ ሸንተረርና ገደል በበዛበት አገርም ይሠራል ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «እንዴ እመቤት! ታትሞ እያዩት? ሳጥን ይዋሻል እንዴ?» አሉኝ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ስትባል ያደገች ሴት ነኝና አመንኳቸው፤ ሁለት ቢጫ ሬዲዮዎችም ገዛሁ። ቤት ወስደን ብንሞክራቸው ከኩሽናዬ እስከ መቃብሩ መታጠፊያ ደረሱ። ከመታጠፊያው አንድ እርምጃ ቢያልፉ ጭጭ ነው። ሃምሳው ኪሎ ሜትር የሚገኘው ዛፍም ተራራም በሌለበት በባሕር ላይ እንደሆነ አማችዎ የነገሩኝ ሬዲዮዎቹን ልመልስ የሄድኩ ዕለት ነው።

ሆኖም አባቴ ወደዱት። በእኛ ዘንድ ፓራሞ ላይ አይጮህም፤ የጮኸ ሰው እዚያ ላይ ያለውን ሐይቅ ያስቆጣል፣ ሐይቁ ሲቆጣ ደግሞ ጉም ይወርዳል። አባቴ ስድሳ ዓመት ሙሉ ከሩቅ ሰው የጠሩት ባርኔጣቸውን በማውለብለብ ነበር። ስለዚህ ሬዲዮውን ከሱፍ ካባቸው ሥር ሸሽገው፣ «አየሽ ኤርመንሲያ፣ ሳይጮሁ የሚያስጠራ ነገር! ሐይቁ እንኳ አይሰማን!» እያሉ እንደ ሕፃን ሳቁ። ሊናገሩ ሲሉ ቁልፉን አስቀድመው ጠቅ ያደርጉና ይለቁታል፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እንደገና ተጭነው ገና ያን ጊዜ ይናገራሉ። ስንት ጊዜ ሳቅሁባቸው።

ሁለተኛ፣ ስለ መስመሩ። ጎብኚ ሁሉ ሰባተኛውን የሬዲዮ መስመር ብቻ እንዲጠቀም ስላዘዙ ከቦጎታ የሚመጣው ቤተሰብ ሁሉ ገበናውን ለአባቴ ሲዘረግፍላቸው ይውል ነበር፤ ማን ዳቦውን መኪና ውስጥ እንደረሳ፣ የማን ልጅ ሽንቱ እንደመጣ፣ የማን ሚስት እንዳኮረፈች አንዱም አያመልጣቸውም። አንድ ቀን የማያውቋትን ሴት «እመቤቴ፣ ይታረቁት እንጂ፤ ዝናቡ መጣ'ኮ!» ብለው መክረዋታል፤ እሷም «እሺ አባባ» አለች። ይህን ደስታ ስለሰጧቸው ከልቤ አመሰግንዎታለሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ምፀት የሌለበት ምስጋና ይህ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ሁለቱ ጥሪ። ከደንብዎ ውስጥ «ማንኛውም ጎብኚ ከጥበቃው ማማ በሬዲዮ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ካልመለሰ በሌላ በር እንደወጣ ይመዘገባል፤ መስመሩም ለሌሎች ይለቀቃል» የሚለውን ባነበብኩበት እሑድ በሕዝቡ መካከል ሳቅ ተነሣ። በቻርካሌሃ ማንም ሰው በጉም ውስጥ ስሙን ቢሰማ በመጀመሪያው ጥሪ አይመልስም፤ በሁለተኛውም አይመልስም። ጉም ሁለት ጊዜ መጥራት ይችላል። ሦስት ጊዜ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው። ይህን ከጡት ጋር ነው የጠባነው፤ በሁለተኛው የመለሱትን ሰዎች ስምም እናውቃለን፣ መቃብር ግን የላቸውም። አባቴ ያን ዕለት ከኋላ ሆነው፣ «ደንቡን ለእኛ አነበብሽልን፤ ለጉሙስ ማን ያነብለታል?» አሉኝ።

እኔም በየካቲት ወር አርባ አንድ ሰው የፈረመበት፣ የአባቴ የጣት አሻራ ከሁሉ በላይ ያረፈበት ማመልከቻ ጽፌ፣ ጥሪው ሦስት እንዲሆንልን ለመንኩዎ። እርስዎም እንዲህ ሲሉ መለሱልኝ፦ «የሬዲዮ ሥርዓት በተረት አይመራም። ሁለት ጥሪ ለሠለጠነ ሰው በቂ ነው። ባትሪም ይቆጥባል።» ወረቀቱ አሁንም በእጄ አለ። ፊርማዎ እጅግ ያምራል።

አራተኛ፣ የገበሬዎች ጠባቂ ስለሆነው ስለ ሳን ኢሲድሮ በዓል ዕለት። እንደ ልማዳችን ድንችና ዶሮ ይዘን፣ አሥራ አንድ ሆነን ወደ ሐይቁ ወጣን። ከምሳ በኋላ አባቴ አንዱን ሬዲዮ ይዘው የድሮ እርሻቸውን ለማየት ወደ ሸንተረሩ ማዶ ተሻገሩ። ስምንት ሰዓት ላይ ጉም ወረደ። በእኔ ሬዲዮ ሦስት ጊዜ ጠራኋቸው፤ ሸንተረሩን ሊሻገርልኝ አልቻለም። ስለዚህ ዘመዶቼን አስከትዬ፣ ድምፁ ሁሉ ቦታ ወደሚደርሰው፣ ከሁሉም ቦታ ወደሚሰማው ማማዎ ሮጥኩ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዘበኛዎ ኤልቢዮ የጎረቤት መንደር ልጅ ነው፤ ልማዳችንን ያውቃል። «ዶን አንሴልሞ፣ ይሰማሉ?» አለ። ዝም። «ዶን አንሴልሞ፣ ይሰማሉ?» አለ። ያን ጊዜ ከማሽኑ ውስጥ ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማን።

አባቴ ነበሩ። ለመመለስ እየተዘጋጁ ነበር። ሦስተኛውን ጥሪ እየጠበቁ ነበር።

«ጥራቸው እንጂ! ኤልቢዮ፣ አንድ ጊዜ!» አልኩት። እሱ ግን በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብዎን አሳየኝ፤ ባለፈው ወር ሦስተኛ ጥሪ የጠራ ጓደኛው ከሥራ መባረሩን ነገረኝ፤ ፈቃድ ሊጠይቅም ስልክ ደወለልዎ። በምሳ ግብዣ ላይ ነበሩ። «ካሻህ በየሰዓቱ ሁለት ጥራ፤ ሦስት ግን የለም! ሥርዓት ሥርዓት ነው!» ሲሉ እኔም ሰምቻለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ጠራ። ጠቅ አለ፤ ከበፊቱ ደከም ያለ ጠቅታ ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ጠራ። ምንም የለም። ያኔ ነው መነጋገሪያውን ከእጁ ነጥቄ በፓራሞው ላይ ያለ ዕፍረት የጮህኩት፤ ሦስት ጊዜ፣ አሥር ጊዜ፣ ቁጥሩ እስኪጠፋኝ። ጠቅታው አልተመለሰም።

ለምን በዘጠኝ ሰዓት አልነጠቅኩትም? ይህን ጥያቄ ለእርስዎ አላቀርበውም፤ የእኔ ነው። ደንቡን ለሕዝብ ያነበብኩ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ለወረቀት የታዘዝኩ ሴት ነኝና እጄን አጣጥፌ ቆምኩ። በዚህ ረገድ ከእርስዎ የተለየሁ አይደለሁምና አብረን ብንወቀስ ቅር አይለኝም።

መንደሩ አራት ቀን ፈለገ፤ ባርኔጣቸው ከሸንተረሩ ማዶ ካለ ገደል አፋፍ ላይ ተገኘ፣ እሳቸውና ሬዲዮው ግን አልተገኙም። ሄሊኮፕተርዎ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ። ሪፖርትዎም «ስድስት ጊዜ ተጠርተው ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆኑም» ይላል። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ማለት ሦስት ማለት አይደለም።

አምስተኛ፣ ከዚያ ወዲህ ስላለው። የቀረው ሬዲዮ በኩሽናዬ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ላጠፋው አልቻልኩም። ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጠቅ ይላል። ቀጥሎ «ኤርመንሲያ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ኤርመንሲያ» ይላል። ከዚያ በኋላ ዝም ነው። ወንድሜ ሊሳንድሮ «ተይው፣ ሌላ ኤርመንሲያ የምትባል ጎብኚ ትሆናለች» ይለኛል፤ ፓራሞው ግን ከሳን ኢሲድሮ ወዲህ ለጎብኚ ዝግ ነው። የማማው ድምፅ እንዳይባል፣ ማማው የሚናገረው በኤልቢዮ አፍ ነው፤ የኤልቢዮን ድምፅ ደግሞ እስክሞት አልረሳውም። ይህ ሬዲዮ ከሌላ የእጅ ሬዲዮ የሚሰማው እስከ መቃብሩ መታጠፊያ ድረስ ብቻ መሆኑን በአንደኛው ቅሬታዬ ላይ ገልጫለሁ። ስለዚህ የሚጠራኝ ማንም ይሁን ማን፣ ከመታጠፊያው ወዲህ ነው ያለው። ድምፁም በየቀኑ ይበልጥ እየጎላ መጥቷል። ጎረቤቶቼ ሰምተው ወጥተዋል፤ ከእንግዲህ በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ የሚመጣ የለም። ጣቴን ቁልፉ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ አልመልስም፣ እፈራለሁ። ሦስተኛው እንዳይመጣ እፈራለሁ፤ እንዳይቀርም እፈራለሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። መዝገቡን አይክፈቱ፣ ማንንም አይቅጡ፣ ይቅርታም አይጠይቁ። ከማማው ላይ አባቴን አንድ ቀን ብቻ፣ እንደ እኔ ሳይጮህ፣ ሦስት ጊዜ አከታትሎ የሚጠራ ሰው ይፍቀዱልን። በሕይወት ካሉ ይመልሱ፤ ከሌሉም መጠበቁ ይብቃቸው። ወጪው የአንድ ተጨማሪ ጥሪ ባትሪ ነው።

ለሠለጠነው አስተዳደርዎ ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ማስታወቂያዎን ሁሉ በታማኝነት ያነበብኩት፣ ከእነርሱም አንዱን አንብቤ የታዘዝኩት፣

ኤርመንሲያ ሲያቾኬ
የአንሴልሞ ልጅ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፤ እስካሁን ላልተመለከተውም።

ማሳሰቢያ፦ በመጪው እሑድ ፓራሞውን በድጋሚ ሲከፍቱ ከባለቤትዎና ከልጆችዎ ጋር ሆነው፣ አንድ ቢጫ ሬዲዮ ይዘው በእግርዎ ሐይቁ ድረስ እንደሚወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ያነበብኩት እኔው ነኝ። ልጆቹን ግን እኔ ዘንድ ይተዉልኝ፤ እነሱ ምንም አላደረጉም። ማማው ላይ ተረኛው ኤልቢዮ ነው፤ ደንብዎን አሁን በቃሉ ይወጣዋል። ጉም ከወረደ ሁለት ጊዜ ይጠራዎታል፤ እኔም አጠገቡ ተቀምጬ እቆጥራለሁ።