ለብቻዬ የዋጥኩት ክኒን

የኔ ልጅ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። አባትሽም ጉልበቱን እያማረረ ደህና ነው።

የላክሽልኝን የብረት ክኒን ነገር ላውራሽ። ከውጭ የመጣ ነገር ለብቻዬ መብላት አላውቅበትምና፣ ለስፌት ቤታችን ሴቶች እፍኝ እፍኝ አከፋፈልኩት። የጤና ጣቢያችን ነርስ ስትሰማ ተቆጣች። «የታዘዘልዎት ደምዎ አንሶ ስለተገኘ ነው። ያልጎደለውን ሰው ይጎዳል፤ ሕፃን ከዋጠው ደግሞ ይመርዘዋል» አለችኝ።

በየስፌት መኪናው ዞሬ ሰበሰብኩ። ቁልፍ ሰፊዋ «የሰጡትን ይቀማሉ እንዴ፣ እትዬ?» ብላ አኮረፈች። እኔ ግን ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከተው የልጅ ልጇ ታየኝና ክኒኑን ከቦርሳዋ አስወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ ክኒኑን ቁምሳጥን ውስጥ ቆልፌ፣ እንደታዘዘልኝ ብቻ በውሃ እውጠዋለሁ። ሻይ ሥራውን ያበላሽበታል አሉኝ። ትናንት ስመረመር ደሜ ሞልቶ ተገኘ። ዛሬ ስፌት ቤታችን ድረስ አራቱን ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁት። «ደረጃው ላይ ወንበር ይደረግልዎት?» እያለ ሲቀልድብኝ የከረመው ጨርቅ ቆራጭ ከኋላዬ እያለከለከ ሲመጣ፣ በሩን ከፍቼ ጠበቅኩት።

ዕድሜ ይስጥሽ፣ እጅሽ አይንጠፍ። አንቺም ከደከመሽ ሳትመረመሪ አትዋጪ። ደግሞ ሰው ስታገኚ ቸኮሌት ላኪልኝ፤ ቁልፍ ሰፊዋ እስካሁን አላናገረችኝም።

እናትሽ