የእጅ ሰዓቴን መልሽልኝ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? አባዬ አሁንም ጭምብሉን አገጩ ላይ አድርጎ እንደሚውል እገምታለሁ፤ አፍንጫውም የራሱ መሆኑን ንገሪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ይህን «ደህና ነኝ» በስልክ ስላችሁ ከከረምኩት ለይተሽ አንብቢው።

ወረርሽኙ ሲብስ እኛን የሕክምና ተማሪዎቹን ከሆስፒታሉ ዋርድ አስወጡን። ከዚያ በፊት የምከታተላቸው አንዲት እናት ነበሩ። ገና ከበር ሲያዩኝ «መጣሽ የኔ ዶክተር?» ይሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ስገባ አልጋቸው በአዲስ አንሶላ ተነጥፎ ጠበቀኝ። ማንም ምንም አላለኝም፤ ወደሚቀጥለው አልጋ አለፍን።

በሽተኛ ማየት ሲቀር ዶርም ውስጥ እርስ በርስ መለማመድ ጀመርን። አንዷ ሐኪም ትሆናለች፤ ሌላዋ የፈለገችውን ሕመም ፈጥራ ትቀርባለች። «ፕሮፌሰሯ» የምንላትን የክፍሌን ልጅ ታውቂያታለሽ፤ አዛዧን። ያን ዕለት ሐኪሟ እሷ ነበረች። መነጽሯን አስተካክላ «እሺ እናቴ፣ ምን ሆነው መጡ?» አለችኝ። የኩላሊት ጠጠር ይዞኝ ልመጣ አስቤ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ አልኳት። ምግብስ? አፈር አፈር ይለኛል። ከመቼ ጀምሮ? አልጋው ተነጥፎ ካገኘሁበት ጠዋት ጀምሮ።

«አንቺ ጉደኛ፣ ቲያትር ቤት ነበር የሚሻልሽ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀጥላ በልምምድ ጊዜ ሁላችንም ቶሎ ብለን የምናልፈውን ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «መኖር አስጠልቶዎት ያውቃል?» እጅጌዬን ማፍተልተል ያዝኩ። ዐይኗ ባዶ እጄ ላይ አረፈ።

«ሰዓትሽስ?»

ለእህቴ ላክሁላት አልኳት። ያ ወፍራሙ መጽሐፍሽስ? ለታች ክፍል ልጅ ሰጠሁት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ምክር የለ፣ ቁጣ የለ፤ «ጫማሽን አድርጊ» ብቻ።

የተማሪዎች ክሊኒክ ወስዳኝ፣ የአእምሮ ሐኪሙ ጋ እስክጨርስ ደጅ ጠበቀችኝ። ስወጣ ያቺ ምንም የማይበግራት ልጅ «በይ ቦርሳዬን ያዢልኝ፣ እኔም ልግባ» አትለኝም መሰለሽ! አሁን ቀጠሯችን አንድ ቀን ነው፤ አብረን እንሄዳለን፤ መንገድ ላይ ማን ይበልጥ እንዳለቀሰች እየተፎካከርን እንመለሳለን። ሐኪሙ ሕመም ነው፣ ይታከማል ብሎኛል። መድኃኒቴንም እየወሰድኩ ነው። ትናንት የጎረቤት ክፍል ልጆች በጫጫታቸው ቀሰቀሱኝ። ተኝቼ ነበር ማለት ነው! ሄጄ ባመሰግናቸው ያሾፍኩባቸው መስሏቸው ተቀየሙኝ።

በቅርቡ ወደ ዋርድ እንመለሳለን ተብሏል። የልብ ምት ስቆጥር የሰከንድ ቆጣሪ ያለው ሰዓት ያስፈልገኛል። «ለሁልጊዜም ያንቺ ነው» እንዳልኩሽ አልረሳሁም። አውቅሻለሁ፣ ታኮርፊያለሽ። አኩርፊ፤ ግን ላኪልኝ። ስመረቅ ከሱ የሚበልጥ እገዛልሻለሁ። ለእማዬ ራሴ እነግራታለሁ። ለምን እንደሰጠሁሽ ደግሞ ስመጣ ቁጭ ብለን እንጫወታለን፤ እመጣለሁና።

እናንተን ለእኔ፣ እኔንም ለእናንተ ያቆይልን።

ሰዓቷን የምትጠብቀው ታላቅ እህትሽ