ሁለት መቃብር የተቆፈረላቸው የወ/ሮ ድንቅነሽ ግዛቸው የሕይወት ታሪክ (1945–2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ድንቅነሽ ከአባታቸው ከአቶ ግዛቸው መኮንንና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ ወልዴ በ1945 ዓ.ም. በይርጋጨፌ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ከምንጃር መጥተው ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ነበሩ። በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ተነሥተው ወለተ ማርያም ተባሉ። በዚያው ከተማ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እኛ ቤተሰቦቻቸው ራሳችን በደንብ ሳንረዳው እንጽፈዋለን፤ አንባቢም አድማጭም ይታገሠን።

በ1964 ዓ.ም. የዱመርሶውን የቡና ገበሬ አቶ ቦና በሪሶን አገቡ። አቶ ቦና የወንጌል አማኝ ነበሩ። ወ/ሮ ድንቅነሽም ከባለቤታቸው ጋር ጸሎት ቤት መሄድ ጀመሩ፤ መዝሙሩንም በጌዴኦኛ አጠኑ። ሃይማኖት ለወጡ ተባሉ። ረቡዕና ዓርብ መጾማቸውን ግን አላቋረጡም።

በ1970 ዓ.ም. ጸሎት ቤቱ ታሸገ፤ አቶ ቦናም በእምነታቸው ምክንያት ዲላ ታሰሩ። ወ/ሮ ድንቅነሽ ሁለት ልጆች ይዘው፣ ሦስተኛውን አርግዘው፣ ዲላ ቤት ተከራዩና ስንቅ ማመላለስ ያዙ። የሚያመልኩበት ቦታ ስላልነበራቸው ጎረቤቶቻቸው ገብርኤል ወሰዷቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ከወጡ በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቀን ጧፍ ይዘው ሊመጡ እዚያ ተሳሉ። አቶ ቦና በ1973 ዓ.ም. ተፈቱ። እሳቸው የታሰሩበትን እምነት አልተዉም፤ ባለቤታቸውም ስለታቸውን አልተዉም። አቶ ቦና በስለት ባያምኑም በየዓመቱ እስከ በሩ ይሸኟቸውና ቅዳሴው እስኪያልቅ መንገድ ዳር ቆመው ይጠብቋቸው ነበር። በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ የሰማቸው የለም።

አራተኛ ልጃቸው ሩሃማ በገብርኤል ክርስትና የተነሣች የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነበረች። በ1989 ዓ.ም. በማጅራት ገትር ስታርፍ እዚያው ተቀበረች። ለቅሶው ላይ ገሚሱ የጸሎት ቤቱ ቅጣት ነው አለ፤ ገሚሱ የጧፉ ቅጣት ነው አለ። ወ/ሮ ድንቅነሽ ሰምተው፣ «ምክንያቱን እናንተ ካወቃችሁት ደግ፤ እኔ አላወቅሁትም። በሉ ንፍሮውን ብሉ» አሏቸው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ አቶ ቦና አርፈው በዱመርሶ የቡና ማሳቸው ውስጥ ተቀበሩ።

ከዚያ በኋላ ዲላ ገበያ ቡላና ቆጮ እየሸጡ ልጆቻቸውን አስተማሩ። በ2010 ዓ.ም. በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ሲፈናቀል ቤታቸውን ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ከፍተው እሳቸው ማድቤት ውስጥ ይተኙ ነበር። እሑድ ማለዳ ቅዳሴ፣ ረፋድ ላይ ጸሎት ቤት ይሄዱ ነበር። ለምን አንዱን እንዳልመረጡ አልገባንም። በጊዜው በግልጽ አለመጠየቃችን ዛሬ ይቆጨናል።

ላለፉት ሦስት ዓመታት የስኳር ሕመም ጸንቶባቸው ልጃቸው መምህርት መሰለች ስታስታምማቸው ቆይታለች። ቄስ ዘመንፈስቅዱስ ጸበል ይዘው ሲመጡም፣ መጋቢ ገመቹ መጥተው ሲጸልዩላቸውም «አሜን» ይሉ ነበር። የት መቀበር እንደሚፈልጉ ሲጠየቁ ግን፣ «ምነው፣ ሳልሞት ልትቀብሩኝ ነው?» ብለው ሳቁ። ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

የበኩር ልጃቸው ጥበቡ ዲላ ላለው የገብርኤል ዕድር፣ ታናሹ ደጀኔ ለዱመርሶ ምእመናን ዕድር አስታወቁ። እናታችን የሁለቱም አባል ስለነበሩ ማንም ማንንም አልጠየቀም። ትናንት ረፋድ ላይ አንዱ ዲላ በልጃቸው፣ አንዱ ዱመርሶ በባለቤታቸው አጠገብ ሁለት መቃብር ተቆፍሮ አገኘን። የቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች እስከ ማታ ተቀመጡ። ሁለቱም ወገን እውነት ስለነበረው የሚፈርድ ጠፋ።

በመጨረሻ ጥበቡ ተነሣ። «እኔ በየሰንበቱ ለነፍሷ ስጸልይ እኖራለሁ፤ ያንን የሚወስድብኝ የለም። ደጀኔ ለሞተ ሰው አይጸልይም፤ እምነቱ ነው። መቃብሯን ካልሰጠሁት ከእናቱ ምን ይቀረዋል?» አለ። ደጀኔ ተነሥቶ የወንድሙን ጉልበት ያዘ። እናታችን ዛሬ በዱመርሶ የሚያርፉት በዚህ ምክንያት ነው። ልክ ይሁን ስሕተት እኛ አናውቅም።

የገብርኤል ዕድር አባላት የቆፈሩትን ጉድጓድ ዛሬ ማለዳ በገዛ እጃቸው ደፍነው፣ ከዲላ ድረስ አስከሬኑን ሸኝተው ከእኛ ጋር ቆመዋል። የዱመርሶ ዕድር አባላትም ድንኳኑን አስፍተው ጠብቀዋቸዋል። ቤተሰቡ ለሁለታችሁም ምስጋና የሚገልጽበት ቃል የለውም።

ወ/ሮ ድንቅነሽ ከሟች ልጃቸው ከሩሃማ ሌላ በሕይወት ያሉ የሁለት ወንዶችና የአንዲት ሴት ልጅ እናት፣ የዘጠኝ ልጆች አያት ነበሩ። ሰባ ሦስት ዓመት ሙሉ የጠሩት ጌታ ድምፃቸውን ያውቀዋልና ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ግራ ለገባን ለእኛም ትዕግሥታቸውን ያውርሰን። አሜን።