በንብረት ቁጥር ስለታሸጉት ዘጠኝ ኮምፒውተሮች

ለተከበሩ የትምህርት እርዳታ ድርጅት የሱዳን ገዳሪፍ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ

ጤናዎ እንደ ቢሮዎ ማቀዝቀዣ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ከልብ እየተመኘሁ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዱት የሚገባውን አንድ ነገር በግልጽ ላስቀምጥ፦ ለቱነይድባ የስደተኞች ካምፕ ትምህርት ቤት የሰጡን ዘጠኝ ኮምፒውተሮች አልተበላሹም። አሮጌ ናቸው፤ ሊኑክስ የሚባለው ስርዓተ ክወና ተጭኖባቸዋል፤ ሊኑክሱም በደንብ ይሠራል። የማይሠራው የዋይፋዩ ኔትወርክ ካርድ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ካርዱን ያየዋል፣ ስሙንና ቁጥሩን ሳይቀር ይጽፋል፤ ነገር ግን ካርዱን የሚያስነሳው ትንሽ ፋይል አብሮ ስላልተጫነ ሥራ ሊያስጀምረው አይችልም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሂሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝና፣ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ፈትሼ ውጤቱን በሠንጠረዥ አያይዣለሁ።

የቸኮልሁበት ምክንያት ተማሪዬ ማኅደር ናት። ስትጠብቀው የኖረችው የነርስነት ትምህርት ምዝገባ በኢንተርኔት ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ የፊታችን ዓርብ ይዘጋል። ቅጹ በስልክ አይከፈትም፤ ወደ ገዳሪፍ የመውጫ ፈቃድም ጠይቃ አላገኘችም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

፩. የጎደለውን ፋይል እንዲልኩልን በጽሑፍ ብጠይቅዎ፣ በአሥራ ሰባተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት መልስ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። መልሱ «ፋይሉን ከኢንተርኔት ያውርዱ» ይላል።

፪. በገዳሪፍ ገበያ ስልክ የሚጠግነው ዘከሪያ ፋይሉን በፍላሽ ጭኖ፣ ማሽላ በሚያመላልስ ሾፌር እጅ ልኮልኝ ነበር። የንብረት ክፍል ኃላፊዎ አቶ ተኸስተ ግን ፍላሽ ቫይረስ ያስገባል ብለው ወሰዱት። መቼ እንደሚመልሱልኝ ብጠይቃቸው «ቡክራ፣ ያ ኡስታዝ!» አሉኝ። ነገ ማለታቸው ነበር፤ አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ኮምፒውተሮቹ ከቫይረስም ከአገልግሎትም ነጻ እንደሆኑ አሉ።

፫. ይህኛውን ስጽፍ እጄ ይጸየፈዋል። በየኮምፒውተሩ ጀርባ ምንም ተጨማሪ ፋይል የማይፈልግ የገመድ መሰኪያ አለ፤ ገመዱንም ራሳችሁ ከካምፑ ቢሮአችሁ፣ እዚህ መክተብ ከምንለው፣ እስከ ክፍላችን ዘርግታችኋል። ሆኖም የንብረት ቁጥር የታተመበት ወረቀት የተለጠፈው ልክ በመሰኪያው አፍ ላይ ሲሆን፣ ወረቀቱን የቀደደ ሰው ንብረቱን እንደ ሰረቀ ይቆጠራል። ባለፈው ሰኞ ሙቀቱ የአንደኛውን ሙጫ አላቅቆት ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ወደቀ። ገመዱን ሰካሁ፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ኢንተርኔት ገባ። ማኅደር ቅጹን ከፍታ ስሟንና የትውልድ ቀኗን እንደ ሞላች የጄኔሬተሩ ሰዓት አለቀ። እኔም እንደ ልማዴ የወደቀውን ወረቀት በፖስታ አሽጌ፣ ከዝርዝር ሪፖርት ጋር ለመክተባችሁ አስረከብሁ።

በማግሥቱ አቶ ተኸስተ አዲስ ወረቀትና የተሻለ ሙጫ ይዘው መጡ። እዚያው መሰኪያው ላይ ለጠፉት፤ በአውራ ጣታቸውም ደጋግመው ተጫኑት። አራት ጣት ያህል ወደ ጎን እንዲያደርጉት ብለምናቸው «የሚለጠፍበት ቦታ በመዝገብ ተጽፏል፣ ኻላስ!» ብለው ዘጉኝ። ይህን ሁሉ ማኅደር ቆማ ታይ ነበር።

«መምህር፣ እርስዎ ደግሞ! ወረቀት ወደቀ ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል?» አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ በዕድሜዬ ብዙ ሥራ ፈት አይቻለሁ፤ እንደ አቶ ተኸስተ ተግቶ የሚሠራ ሥራ ፈት ግን ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ አንገሸገሸኝ።

የምለምንዎ አንዲት መስመር ብቻ ናት፦ ወረቀቱ ከመሰኪያው ተነሥቶ ሌላ ቦታ ይለጠፍ የምትል፣ ፊርማዎ ያረፈባት።

ንብረትዎን በየቀኑ አቧራውን እየጠረግሁ፣ ማንም እንዳይገለገልበት በታማኝነት የምጠብቅልዎ፣
ስንሻው አድማሱ፣ ጡረተኛ መምህር
ቱነይድባ

ማስታወሻ፦ በመክተባችሁ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የዘንድሮ ካላንደር ማኅደር ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ትስቃለች፤ ከሥሯም «ከዓለም ጋር ተገናኘች» የሚል ተጽፏል። መነጽርዎን አድርገው ስክሪኑን ቢመለከቱ «ኔትወርክ አልተገኘም» የሚለው በደንብ ይነበባል። ሳቂ ያሏት ፎቶ አንሺያችሁ ናቸው። ዓርብ ከመድረሱ በፊት መልስዎን እፈልጋለሁ፤ እባክዎ እስከ ረቡዕ ይላኩልኝ።