አባትን ይዞ መኮብለል

ጥር 4፣ ሰኞ
ሙቀት። ቢሮ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ጠፋ። የቢሯችን ሰፈር የቶንፒንግ ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ወጥቶ ዋለ። እኔ የመኪና ስምሪት የምሠራ መስዬ ፎቶ ሳይ ዋልኩ። እጮኛዬ ያሕያ ነው የላከው። ትናንት በጀልባ ተሻግሮ ጎንዶኮሮ ደሴትን ዞሮ አይቷታል። ሣር፣ ከብት፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ፣ ዙሪያውን ዓባይ። ከሥሩ «ማንም ሳያውቅ እዚህ ብንጋባስ?» ብሎ ጽፏል።
ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ከዚያ ሳቄን ተውኩት... ለምን አይሆንም?

ጥር 5
ቀልዱን አይደለም። እኔም ቀልዴን አይደለም።
አባዬ ለሠርጋችን የንያኩሮንን አዳራሽ ካሁኑ አናግሯል። ሰባት መቶ ሰው! ኮኞ ኮኞ ገበያ ሩዝና ዘይት በጅምላ ሲሸጥ ሃያ ዓመቱ፤ እዚህ ስደት ላይ የማያውቀው የሀገራችን ሰው የለም። «የሰው ሠርግ ስበላ ኖሬ የራሴን ላላበላ? ብድር በምድር ነው» ይላል።
የእህቴ የሰሚሃ ሠርግ ግን ከዓይኔ አይጠፋም። ወንዶቹ መስጊድ ኒካህ አሰሩ። እሷ እቤት ተሸፋፍና ተቀምጣ በስልክ «አልቋል» ተባለች። አባዬ ቀኑን ሙሉ በር ላይ እንግዳ ሲቀበል ዋለ። መኪና ስትገባ ዞር ብላ ፈለገችው። ሥጋ ጎደለ ተብሎ ሄዶ ነበር። እኔ እንደዚያ አልፈልግም።

ጥር 9፣ ቅዳሜ
ቆረጥን። ረመዳን ሳይገባ፣ ጥር 24 እሑድ፣ ጠዋት። ባለጀልባው ላዶ ይባላል፤ ሳቂታ የባሪ ጎሳ ሰው። ያሕያ ሙሽራ እንደሚያሻግር ሲነግረው «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» አለና ጀልባውን ሰማያዊ ሊቀባልን ቃል ገባ። ምስክር ሁለት የያሕያ ጓደኞች። ኒካሁን የሚያስርልንን ኡስታዝ ሙደሲርን በመጨረሻው ሳምንት እንነግረዋለን፣ ወሬ እንዳይወጣ። ነጭ ቀሚስ ገዛሁ። ስንመለስ ለሁለቱም ቤት እንናገራለን።
አባዬ ይቆጣል... ሳምንት? ያሕያ «ወር» ይላል። ቢሆንም ብቻዬን እስቃለሁ።

ጥር 14፣ ሐሙስ
እማዬ ቀሚሱን አገኘችው። በዚህ ሙቀት ብርድ ልብስ ማን ይነካል ብዬ ከሥሩ ደብቄው ነበር። ለካስ ልታጥበው አስባ...
ሁሉንም ተናዘዝኩ። አልጮኸችም። ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።
«ዋሊሽ ማነው?»
ቀሚሱን አጣጠፍኩ።
«ጀልባ አለ። ቀሚስ አለ። የሚድርሽ ማነው፣ ልጄ?»
ያ ረቢ። መድረሳ ተምሬ ያደግኩ ልጅ! ለድርጅት ሙሉ መኪና የማሰማራ ሰው! አባት ወይ እሱ የወከለው ሰው ካልዳረኝ ኒካህ እንደሌለ እንዴት ረሳሁ? ከአባዬ ለመሸሽ አባዬ ያስፈልገኛል ማለት ነው።
ለያሕያ ደወልኩ። ተንከትክቶ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን አለቀስኩ።

ጥር 15
አልነገርኩትም። ምሳ ላይ ሁለቴ አፌን ከፍቼ ሁለቴ ሩዝ ጎረስኩበት።

ጥር 17፣ እሑድ
ነገርኩት። ሱቁ ሄጄ፣ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ። እስክጨርስ ሰማኝ።
«አዳራሹስ?»
«አባዬ... ሰሚሃ መኪና ስትገባ ዞራ ፈለገችህ። አልነበርክም።»
መነጽሩን አወለቀ። «ፈልጋኝ ነበር?»
አላወቀም። ሦስት ዓመት ሙሉ አላወቀም።
ደንበኛ ገባ። አባዬ «ተዘግቷል» አለው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ከዚያ «ውሃ እንደምፈራ ታውቂያለሽ። ይህን ወንዝ በድልድይ እንጂ ተሻግሬው አላውቅም» አለኝ። ሌላ ምንም። እሺ ነው? እምቢ ነው?

ጥር 18
ሰሚሃ ከአዲስ አበባ ደወለች። «አባዬ ደውሎ ይቅር በይኝ አለኝ። ምን አድርገሽው ነው?» እያለቀሰች ትስቃለች።

ጥር 20
አባዬ ወደብ ሄዶ ላዶን መረመረው። ጀልባው ስንት ሰው ይችላል? ወንዙ ምን ያህል ይጠልቃል? ሲመለስ ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት ይዟል። ለብሶት ሳሎን ቁጭ ብሎ ዜና ያያል።
«እየለመድኩት ነው» አለ።
ሰባት መቶው ሰውስ? «ለኢድ ይበላል።» አልሐምዱሊላህ። አቅፌ ልስመው ስል ጃኬቱ አላስጠጋ አለኝ።

ጥር 24፣ እሑድ፣ ከሰዓት
ተጋባን።
አባዬ እስክንሻገር ዓይኑን ጨፍኖ እጄን ያዘ። ጣቶቼ ደነዘዙ። ላዶ ቃሉን ጠብቋል፣ ጀልባዋ ሰማያዊ ናት። ቀለሙ ግን አልደረቀም። ቀሚሴ ከኋላ ሰማያዊ ሆኗል። እማዬ በሳቅ ልትሞት።
ማንጎው ሥር ምንጣፍ አነጠፍን። ከብቶቹ ቆመው ያዩናል። አባዬ ጃኬቱን አላወልቅም አለ፤ «መመለስም አለ» ብሎ። እንዲያው እንዳለ የያሕያን እጅ ጨበጠ። ኡስታዝ ሙደሲር እጃቸው ላይ ነጭ መሐረብ ጣለ። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት።
«ልጄን ሉብናን...» አለ አባዬ። ስሜ ላይ ሲደርስ ዞሮ አየኝ። እንደገና ጀመረ። «ልጄን ሉብናን ላንተ ድሬያለሁ።» ያሕያ ተቀበለ። አባዬ ግን እጁን ሳይለቅ ያንኑ ቃል ደገመው፣ ጮክ ብሎ።
«ሐጂ፣ አንዴ ይበቃል እኮ» አለው ኡስታዝ ሙደሲር።
«እሷ ትስማ ብዬ ነው።»