በስሌትዎ ውስጥ የተከተበችው ልጅ

ለተከበሩ የክትባት ዕቅድና ትንበያ ክፍል ኃላፊ

ጤናዎ እንደ ግራፍዎ መስመር የተስተካከለ፣ ቢሮዎም ዘወትር ሰላም የሰፈነበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከእርስዎ ብዙ ደረጃ ዝቅ ብዬ በአንዲት ጤና ጣቢያ ክትባት የምሰጥና የክትባቱን ፍሪጅ ቁልፍ የምይዝ ነርስ ነኝ። የማኅፀን በር ካንሰርን ለመከላከል ለልጃገረዶች የሚሰጠው መርፌ ከሁለት ወደ አንድ ቢቀነስ በሃምሳ ዓመት ውስጥ የሚሆነውን ያሰሉበት ባለቀለም ወረቀት ደርሶን፣ ከፍሪጁ በላይ ለጥፈነዋል። ስላስታወሱን እናመሰግናለን።

አንድ መርፌ እንደሚበቃ አልከራከርም፤ ጥናቱን አንብቤ አምኛለሁ። ቅሬታዎቼ ሌላ ናቸውና በትሕትና አቀርባለሁ።

፩ኛ. የሚተርፈው መርፌ ከትምህርት ቤት ውጪ ላሉ ልጃገረዶች እንደሚደርስ፣ በግራፉ ላይ የበሽታው መስመርም በዚያ ምክንያት ቶሎ እንደሚወርድ ወረቀትዎ ይናገራል። እጅግ ያማረ ሐሳብ ነው። መርፌው በእርግጥም ተርፎ፣ ስልሳ ሁለት ብልቃጥ ፍሪጄ ውስጥ ተደርድሮ ነበር። ሆኖም መመሪያዎ ስሟ በትምህርት ቤት ዝርዝር ላይ ላልሰፈረ ልጅ እንዳንሰጥ ስለሚያዝ፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን።

፪ኛ. ስማቸው ካልሰፈረ ልጆች አንዷ የእህቴ ልጅ ናት። የክትባት ዘመቻው ክፍሏ ሲደርስ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ወንበሯ ላይ ግን አልነበረችም። ትምህርቷን አቋርጣ እናቷን ታስታምም ነበር። እህቴን የጣላት በሽታ መርፌው የተሠራለት ያው በሽታ መሆኑን ስገልጽልዎ ሥራ እንዳላስፈታዎት ተስፋ አደርጋለሁ። ልጅቷ አንሶላ ታጥብ፣ እናቷን ታገላብጥ፣ ጠያቂ ሲመጣም እናቷ በጠረኗ እንዳታፍር መስኮት ትከፍት ነበር። እህቴን ከቀበርን በኋላ ጤና ጣቢያ መጥታ «አክስቴ፣ እኔንም ውጊኝ፤ እንደ እማዬ መሆን ፈራሁ» አለችኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እኔም መመሪያዎን አክብሬ፣ ፈቃድ ጠይቄ እስክጠራት እንድትጠብቅ ነግሬ መለስኳት። ለዚህ ታዛዥነቴ የምስጋና ወረቀት ቢጽፉልኝ አይገባኝም አልልም፤ እኔ ግን ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

፫ኛ. ሦስት ጊዜ ጻፍኩልዎ። በአራተኛው ወር የብልቃጦቹ ጊዜ አለፈና በገዛ እጄ ማቃጠያው ውስጥ ጨመርኳቸው። የፈቃድ ደብዳቤዎ ከዚያ በኋላ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረሰ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል አክብሮቴ ይይዘኛል። ደብዳቤው አሥራ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ይላል፤ እሷ በዚያው ሳምንት አሥራ አምስት ሞላት። በስሌትዎ ውስጥ ግን ከተከተቡት ጋር ተቆጥራ በሰላም ትኖራለች።

ስለዚህ ቀጥሎ የሚላክልን መርፌም ጊዜው ከማለፉ በፊት፣ እንዲህ ያመለጣቸው ልጆች ዕድሜያቸው ቢያልፍም እንዲከተቡ በመመሪያው ላይ አንድ መስመር ይጨምሩልን ዘንድ እለምናለሁ። የእህቴ ልጅ አሁን የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፤ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ደብዳቤው መጣ ወይ ብላ ትጠይቀኛለች፤ መጥቶ እንዳለፈባት ገና አልነገርኳትምና ቤት መግባት ፈርቻለሁ።

በአንዲት ልጅ ጉዳይ የሃምሳ ዓመት ሐሳብዎን ስላቋረጥኩ ይቅርታዎን እጅ ነስቼ እየለመንኩ፣ ባዶውን ፍሪጅ በተገቢው ቅዝቃዜ የምጠብቅ፣

ታዛዥዎ የክትባት ነርስ

ማሳሰቢያ፦ በግራፍዎ ላይ መስመሩ መሬት በሚነካበት ዓመት የእህቴ ልጅ ስልሳ ሦስት ዓመት ይሆናታል። እናቷ ስትሞት አርባ አንድ ዓመቷ ነበር።