ካንተ ስም ጋር የሚጠራ ስም

ጌትሽዬ፣ የኔ ነገረኛ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሳምንት ቀረው። ሙት ዓመትህ ከመድረሱ በፊት ወሬውን ከኔ ከራሴ እንድትሰማ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ቡሪየን ከተማ ያለው ቤታችን ደህና ነው። መኪናህን የምነዳው እኔ ነኝ፤ አዎ፣ ሃይዌይ ላይም ጭምር። ልጃችን ሊያ ሬድመንድ ከተማ ሥራ ይዛለች፣ እሁድ እሁድ ትመጣለች። ያ ጨርሺው ጨርሺው እያልክ ያደረቅከኝ ኮሌጅ ደግሞ አንድ የታሪክ ኮርስ ብቻ ቀርቶት ነበር። ለሰመር ክፍት ሆኖ ያገኘሁት አንድ ጥንታዊ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ከቅኝ ግዛት ጋር ስለነበረው ትስስር የሚያስተምር ሆነ። ምን አገባኝ እያልኩ ገባሁ።

አንድ ቀን አስተማሪያችን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያለ የብራና ዳዊት በስክሪን አሳየን። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ይዞት ሄዶ የሰጣቸው ነው። ከሥሩ ያለው መግለጫ የመኮንኑን ስም ከነማዕረጉ ይናገራል። የዳዊቱ ባለቤት ስም ግን ያለው ጸሎቱ መሃል፣ በቀይ ቀለም ነው፤ ወለተ ጊዮርጊስ ትባላለች። አስተማሪው ስሟን እየተንተባተበ ሲያነበው፣ እኔ ሆዬ ክፍል ውስጥ መሆኔን ረስቼ ጮክ ብዬ «ነፍስ ይማር» አልኩ!

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አንተ ለቴሌቪዥን ዜና ሳይቀር ነፍስ ይማር ስትል እስቅብህ አልነበር? ሲጠይቁኝ ግን አስረዳኋቸው። እኛ ዘንድ የጸሎት መጽሐፍ ላይ ስም የሚጻፈው፣ መጽሐፉ በተደገመ ቁጥር ሰውየው እንዲታሰብ ነው። ያንን ዳዊት እዚያ የሚደግመው የለም። ይህን እየተናገርኩ ሳለ ነው የተናደድኩት። አንተ ጠዋት ጠዋት ስትደግም የእናትህ ስም ላይ ስትደርስ ድምፅህ ዝቅ ይል ነበር። ለወለተ ጊዮርጊስ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግላት ሰው የለም።

የማጠቃለያ ሥራዬን በሷ ላይ አደረግኩ። ሐሙስ አቀርባለሁ፤ ከቤተ መጻሕፍቱም አንዲት ኃላፊ በዙም ትሰማለች። የወለተ ጊዮርጊስ ስም መግለጫው ላይ ይጻፍ፣ ዳዊቷም ወደሚደገምበት አገር ይመለስ እላለሁ። አስተማሪው የመጀመሪያውን ብቻ ብትጠይቂ ይሻላል፣ ሁለቱንም ካልሽ አንዱንም ላታገኚ ትችያለሽ አለኝ። ሊያም «ኦኬ ማሚ፣ ስሟን ይጻፉልሽና ሪላክስ አድርጊ» ትለኛለች። ፈርቻለሁ፤ ስናደድ እንግሊዝኛው ጥሎኝ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ቢሆንም አልቀንስም። መኪናህ ውስጥ ብቻዬን እየለፈለፍኩ እለማመዳለሁ፣ ያየኝ ሁሉ አበደች ይበል። ሁለቱንም እጠይቃለሁ።

እምቢ ቢሉስ ብዬ ደግሞ አንድ ነገር አደረግኩ። ለሙት ዓመትህ የክርስትና ስምህን ለቄሱ ስሰጥ የወለተ ጊዮርጊስንም አብሬ ሰጠሁ። ምንሽ ናት ቢሉኝ ግራ ገባኝና የሚያስጠራት የሌላት ናት አልኳቸው። እሳቸውም ጻፏት።

እንግዲህ ያን ቀን ገብረ ሚካኤል ተብለህ ስትጠራ ካጠገብህ የሴት ስም ብትሰማ አትደንግጥ፣ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ዳዊቷ እስኪመለስላት ድረስ በኛ ቤት ትጠራለች። አንተንማ እኔ እያለሁ ማን ይረሳሃል።

ያንተዋ አልማዝ